ቀን ያልተቆረጠለት ፋቲሃ

ጎረቤቴ ሐዋ ለሰው ቀን ቆርጣ አታውቅም። ወንፊት ስታውስ «ሲመችሽ መልሺው» ትላለች፤ ወንፊቱ እዚያው ሰው ቤት አርጅቶ ይቀራል። «ኧረ ሐዋ፣ እስከ ቅዳሜ አምጪው በያት!» ስላት፣ «ቀን ከቆረጥሽበት ምኑን አመንሽው?» ትለኛለች። እኔ አረጋሽ እባላለሁ። ኮምቦልቻ፣ ከሐዋ አጥር ሥር ድንችና ሽንኩርት እቸረችራለሁ። አፌ አያርፍም፣ እሷም ታውቃለች። ሰው ሲያሞኛት እኔ ደሜ ይፈላል፣ እሷ ትስቃለች።

ጠባይዋ ከፋብሪካ የመጣባት ይመስለኛል። ከደሴ ዙሪያ፣ ከገበሬ አባቷ ቤት ገና በልጅነቷ ወርዳ ዕድሜዋን ሙሉ በፈረቃ ስትሠራ ነው የኖረችው። ሳይረን ሲጮህ ትገባለች፣ ሲጮህ ትወጣለች። ባሏ ሲሞት እንኳ እስከ መቼ እንደምታለቅስ የፈቃድ ወረቀት ላይ ጽፈው ነው የሰጧት። ጡረታ የወጣች ዕለት የግድግዳ ሰዓቷን አውርዳ ለእኔ ሰጠችኝ። «ከእንግዲህ የሚጠራኝ አዛን ብቻ ነው» አለች። ታዲያ ማን ይፈርድባታል?

ያላት ሀብት ከጓሮ የምትኖርበት ቤት፣ ከፊት ደግሞ ወደ አስፋልቱ የምትከፈት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ጉዱን ሁሉ ያመጣችው ይቺ የመንገድ ዳር ክፍል ናት።

መሕሙድ የሚባል የኩታበር ልጅ ፋብሪካ ሊሠራ መጥቶ፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ተቀነሰ። የጓደኞቹን ፀጉር የሚቆርጥባት አንዲት ማሽን ብቻ ቀረችው። ሐዋ አንጀቷ አልችል አለ። «ክፍሏን ውሰድና ፀጉር ቤት ክፈትባት፤ ኪራዩን እንደቻልክ» አለችው። ሼህ አብዱልወሀብን አስጠራች፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ሳይመርቁት የሚጀመር ነገር የለም። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ሼሁ የምርቃቱን ፋቲሃ ሊያደርጉ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ሐዋ፣ እስከ መቼ ነው የሰጠሽው?» ብለው ጠየቋት።

ሐዋ መዳፏን እንደዘረጋች፣ «እስኪያልፍለት!» አለች።

«አሚን!» አለ ቤቱ ሙሉ። እኔ ክርስቲያኗም «አሜን» አልኩ፤ ምርቃት ላይ ማን ዝም ይላል? ፋቲሃው ተቀራ፣ ፊታችንን አበስን፣ ተነሳን። የተጠየቀው የውል ጊዜ ነበር፤ የተመለሰው ዱዓ። ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

መሕሙድ እጁ ወርቅ ነው፣ አይካድም። መስታወት ሰቀለ፣ የሚሽከረከር ወንበር አስገባ፣ ከኩታበር ሙሽራውን አመጣ፣ ልጅ ወለደ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወረፋው እኔ ሽንኩርት ላይ ይደርሳል። «መሕሙድ፣ ኑሮ እንዴት ነው?» ሲሉት ግን መልሱ ያችው ናት፤ «አልሐምዱሊላህ፣ እየታገልን ነው!» እኔ በሆዴ፣ «አንተ ልጅ፣ ትግሉ መቼ ነው የሚያልቀው?» እላለሁ።

ታዲያ የሐዋ አንድ ልጅ ሳሚያ ከሪያድ ተመለሰች። ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ወገቧ ተሰብሮ ነው የመጣችው። ጎንበስ ስትል ያየ ሰው ሃያዎቹን ያልጨረሰች ልጅ ናት ቢሉት አያምንም። ግን ስፌት ትችላለች፤ አባያ ስትሰፋ የገዛ ቆዳሽ ነው የሚመስለው። አንድ የስፌት መኪና ገዝታ ጓሮ ዘረጋች። ጓሮ ድረስ ማን ይመጣል? ዶሮና እኔ።

«እማ፣ ያቺን የመንገድ ዳር ክፍል ስጪኝ» አለች እናቷን። «እሷን ካገኘሁ ሁለተኛ አገር ለቅቄ አልሄድም። ደላላው ቪዛ አውጥቶልኛል፤ ወሩ ሳያልቅ ካልሄድኩ ይቃጠላል። ይቃጠል! በሩን ስጪኝ እንጂ ይቃጠል።»

ሐዋ ክፍሏን አትሰጣት ነገር፣ በፋቲሃ የሌላ ሰው ናት። ለመሕሙድ «ልቀቅልኝ» አትለው ነገር፣ «አልፎልሃል» ብሎ በሰው ኑሮ ላይ መፍረድ ይሆንባታል። እኔ «ልንገረው» ብዬ ብድግ ስል፣ «በልጆችሽ ይዤሻለሁ፣ አረጋሽ! ትንፍሽ እንዳትይ» ብላ እጄን ያዘችኝ። ለሳሚያም ሰበቡን አልነገረቻትም፤ ነግራት ልጅቱ ሄዳ መሕሙድን ፊት እንዳትነሳው ነው ፍርሃቷ።

ሳሚያ የገባት ሌላ ነው። አንድ ቀን ከእኔ ቲማቲም እየመረጠች፣ «እናቴ ከእኔ ይልቅ ፀጉር ቆራጩ ይበልጥባታል» አለችኝ። አንገቷን ደፍታ ነበር። እኔም ምላሴን ነክሼ ቀረሁ። በማርያም፣ ያን ቀን ያላበድኩት ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ማታውኑ ሐዋን ወጥሬ ያዝኳት። «ልጅሽን እየሸኘሽ እኮ ነው!» አልኳት። አለቀሰች። «ፋቲሃውን ያሰሩት ሼሁ ናቸው፤ የሚፈቱትም እሳቸው ናቸው» አለች። ሼህ አብዱልወሀብ ደግሞ አርጅተው ደሴ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ማለዳ ሚኒባስ ተሳፍረን የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ገባን። ለሳሚያ ገበያ ነው አልናት፤ ሳይሆን ቢቀር ተስፋዋ ሁለቴ እንዳይሰበር ብላ ነው ሐዋ።

ሼሁ ጋቢያቸውን ተከናንበው አዳመጡን። «አጥፍቻለሁ» አሉ። «ዱዓውን ለብቻ፣ ውሉን ለብቻ ማድረግ ነበረብኝ። ዱዓ ቀን የለውም፤ ቤት ግን ቀን ያስፈልገዋል። ሰሞኑን እወርድና ከልጁ ጋር እንነጋገራለን፣ ኢንሻአላህ።»

«ሰሞኑን ማለት መቼ ነው፣ ሼሃችን?» ልል አፌን ስከፍት ሐዋ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እስካሁን ይለበልበኛል! «አብሽሩ፣ እመጣለሁ» አሉ ሼሁ። ሐዋ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ወጣን። መንገድ ላይ፣ «ቀኑን ብንጠይቃቸው ምን ነበረበት?» ስላት፣ «ሼህ ላይ ቀን ይቆረጣል? ነውር!» አለችኝ። ከዚያ እስከ ኮምቦልቻ አላናገርኳትም።

ሼሁ ያን ሰሞን አልወረዱም። ብርዱ ይዟቸው ተኝተው ኖሯል። ሐዋ በየቀኑ ደጁን ስታይ ትውላለች፤ ሳሚያ እናቷን ስታይ ትውላለች። ወሩ ሊያልቅ ሲል ደላላው ደወለ። ሳሚያ ሻንጣዋን አሰረች። እናቷን ጉልበቷን ስማ፣ የስፌት መኪናዋን በነጠላ ሸፍና ሄደች። ሐዋ በአውቶቡሱ መስኮት «ጥቂት ታገሺ፣ ልጄ» አለቻት። «እስከ መቼ፣ እማ?» አለች ሳሚያ። አውቶቡሱ ግን ሰዓት አለው፣ ሄደ።

ሼሁ የመጡት በማግሥቱ ነው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ሳል እያጣደፋቸው። ሊቆጧቸው አይቻልም። መሕሙድን ጠርተው ሐዋ ቤት አስቀመጡት።

«ልጄ፣ በፋቲሃው ቀን ‹እስኪያልፍለት› ተብሎ ነበር። እስቲ ንገረኝ፣ አልፎልሃል ወይስ ገና ነው?»

መሕሙድ ሐዋን አየ፣ መሬቱን አየ።

«ሼሃችን፣ ሰው ‹አለፈልኝ› ብሎ በአፉ ይናገራል?» አለ። «ደጋን ከተማ ያለው አጎቴ ሰፋ ያለ ቤት ከሰጠኝ ቆየ። ብወጣ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እማ ሐዋ ‹አለፈልህ፣ ሂድ› ሳይሉኝ ብወጣ፣ ሲቸግረው ገብቶ ሲጠግብ ወጣ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ወላሂ፣ እሳቸው አንድ ቀን እንዲሉኝ ነው የምጠብቀው።»

እኔ አልቻልኩም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» ብዬ ጮህኩበት። «ልጅቱ እኮ ትናንት ሄደች! ይቺን ክፍል አጥታ ሄደች!»

ልጁ ደነገጠ። «ሳሚያ? ለስፌት? ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ። ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ በሁለት እጁ ሐዋ ጉልበት ላይ አኖረላት፤ እንባው ግጥም ብሎ ነበር። ያን ጊዜ እኔም በጩኸቴ አፈርኩ። እሱስ ምን አጠፋ? እንደ እሷው ይሉኝታ የያዘው ልጅ ነው።

ሐዋ ስልኳን አቀበለችኝ፤ የደወልኩላት እኔ ነኝ። ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ሳሚያ አዲስ አበባ ነበረች።

«ልጄ፣ ክፍሏ ተለቀቀች! ቁልፉ እጄ ላይ ነው፣ ነይ!»

ከበስተኋላዋ የብዙ ልጃገረዶች ድምፅ ይሰማል።

«እማ፣ ፈርሜያለሁ እኮ» አለች። «ትኬቱም ተቆርጧል፤ ማታ ነው የምሄደው። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ሰው እንዳይከፋው ብዬ ነው» አለች ሐዋ።

«እኔስ፣ እማ?»

ሐዋ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ባሏ ሲሞት እንኳ እንዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ሼሁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ መሕሙድ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ሐዋ፣ «የምትመለሺበትን ቀን ንገሪኝ» አለች። «ክፍሏን ለማንም አልሰጥም። ቀኑን ብቻ ቁረጪልኝ፣ ሳሚያ። ልቁጠረው።»

«ውሉ ሁለት ዓመት ይላል» አለች ልጅቱ። «ግን ያኔም ሁለት ተብሎ አሠሪዎቼ አምስት ዓመት ነው ያቆዩኝ። ቀኑን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው፣ እማ።»