የሚስራ መኪና ሞላዎች

ዲላ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች አንዱ እስከ ዛሬ የሐጂ ከማል ሱቅ ይባላል። ሐጂ ከማል ግን ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ቤት ነው የሚውሉት። ሱቁን የያዘችው ልጃቸው ሚስራ ናት። ወንድሞቿ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ጅዳ ሲሄዱ አባቷ «አንድ ዓመት ብቻ ያዢልኝ» ብለዋት ነበር። አንዱ ዓመት አሥራ ዘጠኝ ሆነ። በመሃል አገባች፣ ወለደች፣ ፈታች። ልጇ አድጋ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ሚስራ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያንኑ የብረት በር ትከፍታለች።

ዕቃ ታውቃለች ይሏታል። ሾፌር መጥቶ የመኪናውን ዓይነትና ዘመን ከነገራት በኋላ መደርደሪያውን አትፈልግም፤ እጇ ራሱ ይሄዳል። ኩሽኔታውንም፣ የፍሬን ሸራውንም፣ ሾክ አብዞርበሩንም በቁጥሩ ታውቀዋለች። በዚህ ሥራ ሴት ማየት ያልለመደ እንግዳ ሾፌር «ወንድ የለም?» ሲላት አትቆጣም። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ዞር ትላለች።

አንድ ነገር ግን በሆዷ ነበር። ልጅ ሳለች አባቷ በሚነዱት የጭነት መኪና እስከ ሞያሌ ትሄድ ነበር፤ ጋቢና ተቀምጣ የአባቷን እጅና እግር ስታይ ትውላለች። ወንድሞቿ አሥራ ስድስት ሲሞላቸው መሪ ያዙ። እሷ ደረሰኝ መጻፍ ተማረች። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን የምትነዳው የራሷ መኪና አልነበራትም።

የነበራት ወንድሟ ገጭቶ ግቢ ውስጥ ጥሎት የሄደ አንድ አሮጌ ኮሮላ ነው። ዶሮዎች ይተኙበት ነበር። አንድ ቀን በያጁን ባልቻን ጠርታ አሳየችው። ባልቻ የዱመርሶ ሰው ነው፤ ስድሳ ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል፤ ዕድሜውን የፈጀው የቡና መፈልፈያ ማሽን በመጠገን ነው። ሞተሩን አስነሥቶ ካዳመጠ በኋላ ያልተነካ መሆኑን ነገራት።

«ጋሽ ባልቻ፣ ለሁለት ሰው ብቻ የምትሆን፣ ጣሪያ የሌላት፣ ፈጣን መኪና ከዚህ ትወጣለች?» አለችው።

«ለምን ይሆናል?» አለ ባልቻ።

«ለእኔ።»

ባልቻ ጎንበስ ብሎ የኮሮላውን ሥር አየ። «እሺ፤ ይወጣል» አለ።

ሦስት ዓመት ፈጀባቸው። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ እየተገናኙ ባልቻ ከአራት ማዕዘን ብረት ሻንሲ በየደ፣ ሚስራ ላሜራ ቆረጠች፣ ሞተሩን አወረዱ፣ አጥበው መለሱት። መኪናዋ ቀለም ሳትቀባ፣ ዝገት የሚከላከል ግራጫ አንቲረስት ብቻ እንደለበሰች ቅርጿ ወጣ። የመናኸሪያ ሰው በአጥር ቀዳዳ እያየ ያልፍ ጀመር።

መኪናዋን ጎማዎቹ ላይ የሚሸከመው ሞላ የሚመረጥበት ቀን ሲደርስ ሚስራ ማንንም አላማከረችም። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስትሸጠው የኖረችው ዕቃ ነው። ከመደርደሪያው አጭርና ወፍራም የፒካፕ ሞላ አወረደች፤ የሞላውን ዝላይ የሚገታውን ሾክም ከዚያው መኪና አደረገችው። መኪናዋ መሬት ልትነካ ትንሽ እስኪቀራት ዝቅ አለች። ሚስራ ከአጥሩ ጋ ቆማ ስታያት ፈገግታዋን መመለስ አቃታት።

ባልቻ የኋላውን በመዳፉ ተጫነው። አልተነቃነቀም።

«ይሄ ድንጋይ ሆነ» አለ። ባልቻ መኪናዋን ሁልጊዜ «እሱ» ነው የሚላት።

«የስፖርት መኪና ጠንካራ ነው ጋሽ ባልቻ።»

«እኔ ማሽን ነው የማውቀው። ማሽን መሬት ላይ በቡሎን ይታሰራል። የመኪናውን አንቺ ታውቂያለሽ» አለና ተወው።

ለጊዜው የሚሰጠውን ተላላፊ ሰሌዳ አውጥተው እሑድ ጠዋት ወደ ወናጎ በሚወስደው መንገድ ወጡ። ሜዳው ላይ ደህና ነበረች፤ ትንሽ ታንገጫግጫለች እንጂ። ቁልቁለቱ ላይ፣ ከመታጠፊያው መሃል፣ አስፋልቱ ተቦርቡሮ ሲጠገን ጉብታ የሠራበት ቦታ አለ። ሚስራ ብዙም አልፈጠነችም። የኋላ ጎማ ጉብታዋን ሲነካ መኪናዋ እንደ ፌንጣ ዘለለች፤ ስትወርድ ደግሞ ሾኩ ጥግ ደርሶ ከብረት ጋር ተማታና እንደገና ዘለለች። በሁለተኛው ዝላይ ኋላዋ ወደ ጎን ሄደ። ሚስራ መሪውን ብታዞረውም ጎማው መሬት ላይ አልነበረምና የሚይዝላት ነገር አላገኘችም። አስፋልቱን ለቀው፣ ቦይ ተሻግረው፣ እንሰት መሃል ገብተው ቆሙ።

አንድ ትልቅ እንሰት ቀስ ብሎ ኮፈኑ ላይ ተጋደመ።

ባልቻ ጉልበቱን ዳሰሰ፣ ከዚያ ዞሮ እሷን አየ። «ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። እርስዎስ?»

«አለሁ።»

ከእንሰቱ ጀርባ ካለው ቤት አንዲት ሴት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች፤ ወርቂቱ ትባላለች፣ የእንሰቱ ባለቤት ናት። ሚስራ ከመኪናዋ ወርዳ ይቅርታ ልትጠይቅ ቃል ስትፈልግ ሴትዮዋ ቀደመቻት። «ሰው ተርፏል? እንሰት ይበቅላል» አለችና ግንዱን ከኮፈኑ ላይ ለማንሣት ከባልቻ ጋር ተያያዘች።

ሐጂ ከማል ሚስራ ከመድረሷ በፊት ወሬውን ሰምተው ጠበቋት። ልጃቸው ደህና መሆኗን አገላብጠው ካዩ በኋላ በረንዳው ላይ አስቀመጧት።

«ሞላውን በምን መረጥሽው?»

«በቁመቱ፣ ባባ። ዝቅ እንድትል ነበር።»

«ስንት ኪሎ እንዲሸከም ነው?»

«ኪሎውን አላሰብኩትም።»

«ሾፌር ሲመጣ የመኪናውን ስም ይነግርሻል፣ አንቺ ቁጥሩን ታወጫለሽ» አሉ ሐጂ ከማል፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ሒሳቡን ፋብሪካው ድሮ ጨርሶታል። የዚህችን መኪና ግን ማን ሠራት? አንቺና ባልቻ። እንግዲህ ፋብሪካው እናንተ ናችሁ።»

ነገሩ ከነከናት። ያን ሁሉ ዓመት የምታውቀው የዕቃውን ስም መሆኑን፣ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ግን ጠይቃ እንደማታውቅ አሁን ገባት። በማግስቱ ደንበኛ ሾክ ሲገዛት ከወትሮው በላይ ዕቃውን እጇ ላይ አቆየችው፤ ሰውየው «ጉድለት አለው እንዴ?» እስኪላት ድረስ።

ለባልቻ ደወለችለት። «ልንመዝናት ይገባል።»

የቡናው ወቅት አልፎ መጋዘኖቹ ባዶ ነበሩ። ባልቻ በሩንና ጣሪያውን የበየደበት አንድ መጋዘን አለ፤ መዛኙ አማኑ ይባላል፣ የልብ ወዳጁ ነው። መኪናዋን በዝግታ እየነዱ ወሰዷት። አንዱን ጎማ የጆንያ መመዘኛው ላይ አወጡ፤ መኪናዋ እንዳታዘም ሦስቱን ጎማዎች ከመመዘኛው ቁመት ጋር በሚስተካከል ሳንቃ ላይ አቆሙ። አማኑ እሸት ቡና ሲረከብ እንደለመደው ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ሚስራ ትጽፋለች።

«ፊት ግራ፣ መቶ ሰባ አንድ! ፊት ቀኝ፣ መቶ ስድሳ ስድስት!»

የኋላዎቹ መቶ አርባ እንኳ አልሞሉም። ሚስራና ባልቻ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እንደገና ተመዘነች። ከዚያ ደግሞ የሞላዎቹ ተራ ደረሰ። ሚስራ ከሱቋ አምስት ዓይነት ሞላ አምጥታለች። ባልቻ ሞላው ቆሞ የሚገባበት የእንጨት ሳጥን ሠርቶ ነበር፤ ከላይ ሳንቃ፣ ከሳንቃው ላይ ስድሳ ኪሎ የቡና ጆንያ። ጆንያው ሲያርፍ ሞላው ስንት እንደወረደ በሜትር ይለካሉ።

የፒካፑ ሞላ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ በቅጡ አልወረደም። ሚስራ ሜትሩን ሁለቴ አየችው። ያ ሞላ ተሠርቶ የነበረው ግማሽ ቶን ጭኖ ሊሄድ ነው፤ የእሷ መኪና ግን ለእሱ ባዶ ጆንያ ናት። እንዲህ ያለ መኪና ጉብታ ሲያገኝ ሞላው አይታጠፍም፤ መኪናው ራሱ ይነሣል እንጂ። አንድ ቀጭን ሞላ ደግሞ በሁለት ጆንያ ቀለበቶቹ ተነካክተው ጨረሱ። አራተኛው በአንድ ጆንያ ሦስት ሴንቲ ወረደ፣ በሁለት ስድስት፤ ከዚያ በኋላም ገና ቦታ ነበረው።

«እሱ ነው» አለ ባልቻ።

«ለፊት እሱ ነው። ለኋላ ትንሽ የሳሳ እንፈልጋለን፤ ክብደቱ ቀላል ነዋ» አለች ሚስራ፣ አምስተኛውን ሞላ እያነሣች። ባልቻ ቀና ብሎ አያት፤ በቁጥር ተደግፋ ስትከራከረው የመጀመሪያዋ ነው።

ሾኩን በእጇ መረጠች። እያንዳንዱን አቁማ እየተጫነች፣ ሲወርድም ሲመለስም ሳያቋርጥ የሚከብደውን ለየች፤ ባዶ ቦታ እያገኘ ዘፍ የሚለውን ገፋችው። ቁመቱንም ለካች። መኪናዋ ሰው ይዛ ስትቆም የሾኩ ዘንግ መሃል ላይ መሆን አለበት፤ ለጉብታም ለጉድጓድም የሚሄድበት እንዲያገኝ። ለዚህ ሲባል ባልቻ የሞላውን ማረፊያ ሁለቴ ቆርጦ ሁለቴ በየደው።

ሞላውን ጨምቆ ማስገባት አደገኛ ነው፤ ካመለጠ አጥንት ይሰብራል። ባልቻ ፈንጠር እንድትል ነገራት። እሷ ግን መጭመቂያውን ከእጁ ተቀበለችው። ግራውን ሁለት ዙር፣ ቀኙን ሁለት ዙር፣ አንዱን ከሌላው ሳታስበልጥ አጠበቀችው። ባልቻ ከጎኗ ቆሞ ዙሩን በጌዴኦኛ ይቆጥርላት ነበር። አራቱም ገቡ። ከዚያ የኋላውን ጥግ ተጭና ለቀቀችው፤ መኪናዋ አንዴ ተነሥታ ቦታዋ ላይ ረጋች።

አራት ጣት ከፍ ብላ ነበር። ያ መሬት የሚልሰው መልኳ ጠፋ። ከመናኸሪያው የመጣ አንድ ረዳት «ሚስሪ፣ ፍየል አስመሰልሻት» ብሎ ሳቀ። ሚስራ እውነት ለመናገር ከፍቷታል። ከአጥሩ ጋ ሄዳ ረዥም ጊዜ አየቻት፤ ሞላውን ግን አልቀየረችውም።

በሚቀጥለው እሑድ ባልቻ ከዘመድ ያገኛቸውን አራት የእንሰት ችግኞች በኩርቱ ፌስታል ይዞ መጣ። ወንበሩ ሥር አስቀመጣቸው። ከመታጠፊያው በፊት ሚስራ ፍጥነቷን እንሰቱ መሃል በገቡበት ቀን ከነበረው ጋር አስተካከለች። ጉብታው መጣ፤ ጎማው ወጣ፣ ወረደ፣ ወንበሩ ሥር አንድ ለስላሳ ግፊት ተሰማት፣ ከዚያ መንገዱ ቀጠለ። መሪው እጇ ውስጥ እንዳለ ነው። ወርቂቱ ደጅ ወርደው ችግኞቹን ሰጧት፤ እሷም የት እንደሚተከሉ አሳየቻቸውና አብረው ተከሉ።

ከዚያ ወዲያ እስከ ዱመርሶ ነዳች። የባልቻ እህት ቤት ቆጮ በጎመን በሉ። የሰፈሩ ሰው መኪናዋን ከበበ፤ አንድ ሽማግሌ ጣሪያዋ መቼ እንደሚደርስ ጠየቁ፣ ሚስራም ጣሪያ እንደሌላት አስረዳቻቸው። ሽማግሌው በጣም አዘኑላት።

ሲመለሱ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ነበር። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ በግራም በቀኝም ቡናና እንሰት ነው፣ አስፋልቱ እዚህም እዚያም ተቆራርሷል። ሚስራ አንድ ነገር ልትነግረው ወደ ባልቻ ዞር አለች። ባልቻ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ አንገቱን ወደ በሩ ዘንበል አድርጎ ተኝቷል። መታጠፊያ ሲመጣ ጭንቅላቱ ትንሽ ይሄዳል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

ከፊቷ አንድ አይሱዙ ቡና ጭኖ እያዘገመ ይወጣ ነበር። መንገዱ ክፍት ነው፣ ልትቀድመው ትችል ነበር። ባልቻ እንዳይነቃ ማርሽ ቀንሳ ከኋላው ተከተለችው።