በስተግራ ስድስት እርምጃ

ዛካር ሉኪች በሰርጓጅ መርከባችን ሃያ ሁለት ዓመት ምግብ አብስለዋል። ከባትሪው እስከ ቧንቧው ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ያውቃሉ። «ከሁሉም ቀምሻለሁ፤ ከአንዱም አልጠገብኩም» ይላሉ።

አዲስ መርከበኛ፣ ሙያው ምንም ይሁን፣ የሁሉንም ክፍል ፈተና አልፎ ካላስፈረመ ከወደብ አይወጣም። እኔ የባሕር ውስጥ ድምፅ አዳማጭ ነኝ፤ የሩቅ መርከብ ሲያልፍ ውሃ የሚቀዝፍበት ውልብልቢት ስንት ክንፍ እንዳለው በጆሮዬ እቆጥር ነበር። የቀረችኝ አንዲት ፊርማ የወጥ ቤቱ ክፍል ብቻ ናት። መርከቡ በማግስቱ ይነሳል፤ ካልተፈረመልኝ ወንበሬን ሌላ ሊይዘው ነው።

«ዛካር ሉኪች፣ ይፈርሙና ይገላግሉኝ! የእርስዎ ድስት ለእኔ ጆሮ ምን ይፈይድለታል?»

«ጭስ ሲመጣ በጆሮህ ትተነፍሳለህ?» አሉና የወጥ ቤቱ በር ሥር አቁመው ዓይኔን በፎጣ አሰሩኝ። «በል፣ የመተንፈሻ ጭንብሉን አምጣ።»

ስዳብስ ቆይቼ አንድ የተሰቀለ ነገር ያዝኩ።

«ጭልፋ ነው። እስቲ በሱ ተንፍስ!»

ፎጣውን አውልቄ ወረወርኩት። «ከእኔ በፊት አዳማጭ የነበረውን ኢኖከንቲን ሳይፈትኑ ፈርመውለት የለም እንዴ? ሰው ሁሉ ያወራዋል!»

ዛካር ሉኪች ጭልፋውን ተቀብለው በቦታው ሰቀሉት። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

«እውነት ነው። እንደ እሱ ያለ ጆሮ አላየሁም። ጓደኛዬም ነበር፤ መፈተኑ አሳፈረኝና ፈረምኩለት። አንድ ቀን ሾርባ ሊበላ እዚህ ገባ፤ እሳት ተነሳ። እኔ ከበሩ ወዲያ ነበርኩ። ክፍሉ ሲቃጠል፣ እሳቱ መርከቡን ሁሉ እንዳይበላው፣ በር እንደማይከፈት ታውቃለህ። አልከፈትኩም። እሱ ብረቱን ይደበድባል፤ እኔ ‹በስተግራ ስድስት እርምጃ!› እያልኩ እጮሃለሁ። ያ ሁሉ ጆሮ እያለው አልሰማኝም።»

በራሴ አፈርኩ። ፎጣውን ከወለሉ አንስቼ ዓይኔን ራሴ አሰርኩ።

ድስት ጣልኩ፣ ግንባሬን ተፈነከትኩ፣ ደጋግሜ ከበሩ ጀመርኩ። በመጨረሻ እጄ ጭንብሉ ላይ አረፈ።

«የት ነው ያገኘኸው?» አሉኝ።

«በስተግራ፣ ስድስት እርምጃ።»

«ጮክ በል።»

ጮህኩ። ፎጣውን ሳወልቅ ዛካር ሉኪች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መዳፋቸውን የብረቱ በር ላይ አሳርፈው ነበር። ወረቀቴን የፈረሙት ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው።