ሴት የማትወርሰው ዛፍ

ባሌ በሞተ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ታላቅ ወንድሙ መቱ ከተማ ያለው ቤቴ ድረስ መጣ። የለቅሶው ድንኳን ከተነሳ ገና ሳምንት አልሞላውም። ይቀመጡ ብዬ ብጋብዘውም አልተቀመጠም።

"ያ የሶር ዋንዛ ወደ ቤቱ ይመለስ" አለኝ።

"ወደ የትኛው ቤት፣ ጋሼ?"

"ወደ አባቴ ቤት ነዋ። አንቺ ያለችሽ ሴት ልጅ ናት። ነገ ታገባለች፤ ማራችንን የባሏ ዘመዶች ይልሱታል።"

ዋንዛው ሶር ወንዝ አጠገብ ጫካ ውስጥ ነው ያለው። መጀመሪያ ቀፎ የሰቀሉበት የባሌ አያት ስለሆኑ፣ በአገሩ ልማድ ከእሳቸው ዘር በቀር ማንም አይሰቅልበትም። የእርሻው ደብተር ላይ ስሜ ከባሌ ስም ጎን ተጽፏል፤ የጫካ ዛፍ ግን ደብተር የለውም። ባሌ ታሞ ሳለ "ዋንዛው የልጄ ነው" ብሎኝ ነበር። ልጄ ከሥሩ አትጠፋም፤ ንብ እንዲገባበት ቀፎ በምን ቅጠል እንደሚታጠን ከአባቷ ተምራለች።

"አልሰጥም" አልኩት።

"እንግዲያው በሽማግሌ።"

"በፈለግከው!" በትዳር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንተ ብዬው አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ ተቀመጡ። የሟችን ቃል ተናገርኩ፤ ሕግ ወንድና ሴት ልጅን እንደማይለይ ተናገርኩ። አንደኛው ሽማግሌ "ዱጋ ነው፣ እውነት ነው" እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። የባሌ ወንድም አልተከራከረኝም። "ምስክር አለኝ" ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

የገባችው የሟች ወንድሜ ሚስት ነበረች፤ ከትውልድ አገሬ ከኖፓ አስመጥቷት።

ወንድሜ ከስድስት ዓመት በፊት ሲሞት ሁለት ሴት ልጆች ትቶ ነበር። ሚስቱ የአባታችንን የቀፎ ዛፎች ለልጆቼ ብላ ስትጠይቅ፣ ዘመዶቼ አንደበት አላት ብለው ያቆሙባት እኔን ነው። ተከራክሬ ዛፎቹን ለአጎቴ ወንድ ልጅ አስፈረድኩ።

"እግዜር ያጽናዎ፣ እትዬ" አለችኝ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ "'ሴት ልጅ የምታድገው ለባዳ ነው፤ ዛፍ ተከትሏት አይሄድም' ብለዋል እሳቸው። ልጆቼ ቆመው ሲሰሙ" አለች።

"ብለሻል?" አሉኝ ሽማግሌው።

ልጄ ታየኛለች።

"ብያለሁ።"

"ልክ የተናገርሽው ያኔ ነው ወይስ ዛሬ?"

"ዛሬ።"

"ሲደርስባት!" ብሎ የባሌ ወንድም ሳቀ።

ዋንዛውን ፈረዱለት። የወንድሜን ሚስት በሩ ላይ ደረስኩባት።

"ምን ተጠቀምሽ? ያንቺን ዛፍ አይመልስልሽም!"

"ምንም። የሚኒባሱንም የከፈልኩት ከራሴ ነው።"

ልጄ ዘንቢሏን ተቀብላት እስከ መናኸሪያው ሸኘቻት። ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ፊቴ ቆመች።

"የኖፓዎቹ የአጎቴ ሴት ልጆች ስማቸው ማን ነው?"

የትልቋን ነገርኳት። የትንሿ ጠፋኝ።