የጾም ማሃ ብላንካ

እናቴ ቶሮንቶ በመጣች በዓመቷ ሆዷን ኦፕራሲዮን ተደረገች። ከሆስፒታል ስትወጣ ቀሚሷ ውስጥ የጠፋች መሰለች፤ ይባስ ብሎ ሁዳዴ ገባ። የክሊኒኩ የምግብ ባለሙያ ቁርጡን ነገረችን፦ ክብደቷ ከዚህ ከቀነሰ ተመልሳ ትተኛለች፣ ምግቡም በቱቦ ይሆናል። ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ ታዘዘላት። የንስሐ አባቷም በስልክ ፈቀዱላት። እናቴ ግን ወይ ፍንክች!

"እሳቸው ቢፈቅዱ እኔ መች ፈቀድኩ?" አለችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል አትቀምስም፤ ሲሞላም ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ጠገብኩ ትላለች።

"እማዬ፣ አድሚት አድርገው ያስተኙሻል እኮ!" ብዬ ጮህኩባት፤ ከዚያ አለቀስኩ። እናቴን ላጣት ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።

በምንኖርበት ሰፈር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ከበራችን ፊት ለፊት የምትኖር ፊሊፒናዊት ጎረቤት ነበረችን። ጭንቀቴን ስነግራት ማሃ ብላንካ ይዛ መጣች፤ የኮኮናት ወተት ከስኳርና ከበቆሎ ዱቄት ጋር ተማስሎ የሚረጋ ጣፋጭ ነው። እናቴ ንጣቱን አይታ ሳህኑን ገፋችው።

"ወተት ነው! ጾሜን ልታስፈቱኝ?"

ስተረጉምላት ጎረቤታችን አልተቀየመችም። ለልጆቿ ስትሠራ የጣሳ ወተት እንደምትጨምር፣ በዚህኛው ግን ጠብታ እንደሌለ ነገረችን። እናቴ መች ልታምን! በማግስቱ ሴትዮዋ ኮኮናቱን እንዳለ ይዛ መጣች፤ በቢላዋ ጀርባ ፈለጠችው፣ ፈቀፈቀችው፣ ለብ ባለ ውሃ አሽታ ጨመቀችው። ነጩ ሲወርድ እናቴ አፏን ያዘች።

"እንዴ! እንጨት ይታለባል?"

እጇን ታጥባ ራሷ ጨመቀች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አማትባ ቀመሰች፤ ደገመችም።

ለምግብ ባለሙያዋ ደውዬ ስነግራት ሳቀች። ስኳሩና ቅባቱ ከባድ ስለሆነ ሌላውን ሰው "ቀንሱ" የምትልበት ምግብ ነው፤ ሁለት ጉርሻ ለሚያጠግባት ለእናቴ ግን ትንሹ ቁራሽ ብዙ ጉልበት ይሰጣል። ፕሮቲኑ ጥቂት ስለሆነ ግን ለውዝ ይነስነስበት፣ ሽሮውም አይቅር አለች። እናቴ ለውዙን ቆልታ እየወቀጠች ጎረቤታችንን በአማርኛ ታዛት ጀመር፤ ሴትዮዋም በራሷ ቋንቋ እየመለሰች ታማስላለች።

በቀጠሯችን ቀን እናቴ ሚዛን ላይ ወጣች። ጨምራለች!

"ጾሙን ተዉት እንዴ?" አለች ባለሙያዋ።

"አንድም ቀን! በያት" አለችኝ እናቴ፣ እዚያው ሚዛኑ ላይ ቆማ። ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰው ከየበሩ ብቅ ብቅ አለ።

"ፈጣሪዬንም አላስቀየምኩ፣ ልጄንም አላሳዘንኩ" አለችና ወደ እኔ ዞራ ፊቴን አየችው። "አሁን ደግሞ ምን ያስለቅስሻል?"