የእትዬ ጥሩነሽ ሚዶ

በመሳቢያዬ ውስጥ አንድ የእንጨት ሚዶ አለ። ጥርሱ ጫፍ ላይ ተሸርፏል። አንዳንዴ አውጥቼ ሳሸተው አሁንም አደስ አደስ የሚለኝ ይመስለኛል።

ሚዶው የእትዬ ጥሩነሽ ነበር። ደሴ፣ ልጅ እያለሁ፣ የሰፈራችንን ሴት ልጆች ፀጉር የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። ጥምቀት ሲቃረብ ደጃፋቸው ላይ ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወትን ተራችንን እንጠብቃለን። ተራዬ ሲደርስ በርጩማው ላይ እቀመጥና ትከሻዬን በጉልበቶቻቸው መሃል ያደርጉታል። መጀመሪያ ያማል። እንባዬ ሲመጣ “ቻይው፣ ለጥምቀት ያልሆነ ሹሩባ ለመቼ ሊሆን ነው?” ይሉኛል። ከዚያ ለጋው ቅቤ ቀስ እያለ ይቀልጣል፣ የልጆቹ ድምፅ እየራቀ ይሄዳል፣ እኔም እተኛለሁ። ጓደኞቼ ሲስቁብኝ “ተዉአት፣ የሚተኛው ያመነ ራስ ነው” ይሏቸው ነበር።

አገር ለቅቄ ስወጣ ሚዶውን በእጄ አስጨበጡኝ። “ሴት ልጅ ስትወልጂ” አሉኝ።

ኦክላንድ መጥቼ የወለድኩት አንድ ልጅ ነው። ሐኪሞቹ ወንድ ነው አሉን፤ ፈጣሪን አመሰገንን። ሚዶው መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ልጃችን ጥሩ ልጅ ነበረች፤ እንቅልፍ ግን አልነበራትም። ፀጉሯን ልናስቆርጥ ስንወስዳት ገና መኪና ውስጥ ለቅሶ ትጀምራለች። ሰው ሲነካት ትሸማቀቃለች። በልጅነቷ ሁሉ ሌላ ነገር አልለመንኩም፤ “ጌታዬ፣ ለዚህ ልጅ እንቅልፍ ስጥልኝ” ነበር ጸሎቴ።

ኮሌጅ ስትገባ ሴት መሆኗን ነገረችኝ። በዚህ አገር ትራንስጀንደር ይሉታል። እኔ አቅፌያት ቆየሁ። አባቷ ወደብ ላይ የጭነት መኪና ነጂ ነው። ከሥራ ሲገባ ነገርኩት። ጃኬቱን ሰቀለና “እራቷን በልታለች?” አለኝ። ስም አውጪልኝ ስትለኝ ሶስና አልኳት።

ሶስና አሁን ሳን ሆዜ ትሠራለች። በጥምቀት ሰሞን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በባቡር መጣች። ነጭ ቀሚሷን በፌስታል ይዛለች። ፀጉሯ ትከሻዋን አልፏል። በር ላይ እንደቆመች “ማሚ፣ ሹሩባ ትሠሪልኛለሽ?” አለች። በቀጥታ ወደ መሳቢያው ሄድኩ።

ቅቤውን አልፈለገችም፤ ሥራ ቦታ ይሸታል ብላ የኮኮናት ዘይት ይዛ መጥታለች። ሶፋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠችልኝ። ገና አንዱን መስመር ስከፍል “ማሚ፣ ጭንቅላቴን ሪሙቭ እያደረግሽ ነው” አለች።

“ቀጥ በይ።”

“ይሄ እኮ ቶርቸር ነው።”

“ሹሩባ ነው። ቻይው፣ ለጥምቀት ያልሆነ ለመቼ ሊሆን ነው?”

ሳቀች። ስለ ሥራዋ አወራችልኝ፤ እሑድ እሑድ አብረዋት ስለሚያበስሉ ጓደኞቿ፤ “ሽሮ አስተምሬያቸው አሳረሩት” አለች። እንደዚህ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ከዚያ ወሬዋ እየሳሳ፣ እየተቆራረጠ ሄደ። ጭንቅላቷ ጉልበቴ ላይ ከበደኝ። ጎንበስ ብዬ አየኋት። ተኝታለች።

እጄ ቆመ። ያን ሁሉ ዘመን የለመንኩት ጉልበቴ ላይ ነበር።

አባቷ ገባ። ሁለታችንን አየና ቡትስ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በእጁ ይዞ ተጠጋ።

“ተኛች?” አለኝ በሹክሹክታ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ቴሌቪዥኑን ሊከፍት ያነሳውን ሪሞት መልሶ አስቀመጠው።

ያኔ፣ ደሴ፣ ከተኛሁ በኋላ የእትዬ ጥሩነሽ እጅ ለምን ቀስ እንደሚል አላውቅም ነበር። እንዳልነቃባቸው ነው እል ነበር። አሁን ግን፣ ተመስገን፣ ሌላም ምክንያት እንደነበረው ገባኝ። የሚቀረኝ ትንሽ ነው፤ ሁለት ጉንጉን ቢሆን ነው። ሆነ ብዬ አዘገየሁት።