ለባክሺ የተገዛ ካሜራ

ኬተኪ ናስካር ዕድሜዋን በባሩይፑር ባቡር ጣቢያ ትኬት ስትቆርጥ የፈጀች ሴት ናት። ከተማው የሚያውቃት በእጇና በድምጿ ነው፤ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ ቀዳዳ ፊቷን ያየ ጥቂት ነው። «ዝርዝር የለህም? እንግዲያው ካልካታ በእግርህ ግባ!» ስትል ሰልፉ ይስቃል፤ የተባለው ሰው ግን ዝርዝሩን ከየትም ብሎ ያመጣል። የተቀደደ ኖት ገና ከኪስ ሲወጣ ታውቀዋለች። ይቅርታ ማድረግ ግን አትችልበትም፤ ሞክራውም አታውቅ። እንዲህ ባለች ሴት ላይ በሰው ፊት መሳቅ ዕብደት ነው። ጡረተኛው ኢንጂነር ባክሺ ሳቀባት።

ነገሩ የተነሣው ከወፍ ጎጆ ነው። ኬተኪ ዕረፍቷ በሆነ ቀን ሁሉ ማለዳ ተነሥታ ከቦዩ ማዶ ወዳለው፣ መካከሉ ኩሬ ወደተቆፈረበት የማንጎ አትክልት ቦታ ትወርዳለች። የምትይዛት ካሜራ በመዳፍ የምትገባ፣ ጥግ ጥጓ የተላላጠ፣ ሩቅ ያለን ነገር አቅርቢ ሲሏት የምትንተባተብ አሮጊት ነበረች። በዚያ አገር እርጥበት የካሜራ መስተዋት ይሻግታል። ስለዚህ ኬተኪ ካሜራዋን አቻር የሚሉት በቅመም የተዘፈዘፈ ማንጎ በነበረበት ባለ ክዳን ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ከለቃቀመቻቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር ታስቀምጣት ነበር። ባሏ ኒራፓድ «አቻሩ መቼ ነው የሚደርሰው?» እያለ ይቀልድባታል።

ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ በዚያ አትክልት ቦታ የዱድራጅ ጎጆ አገኘች። ዱድራጅ ወንዱ ነጭ ወፍ ነው፤ ጭራው ከአካሉ እጥፍ የሚረዝም፣ ሲበር እንደ ነጠላ ጫፍ ከኋላው የሚከተለው። ጎጆው ከሻይ ስኒ አይበልጥም፤ ዝቅ ባለ ቅርንጫፍ መንታ ላይ በቅጠል ተሸፍኖ፣ በውስጡ ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው ነበር። የወፍ ፎቶ በሚያነሱ ሰዎች ዘንድ የጎጆ ቦታ ለገዛ ወንድም እንኳ አይነገርም። ኬተኪ ግን ለባክሺ ነገረችው። ለምን ቢሉ፣ ባክሺ የከተማው የፎቶ ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ በዚያ ማኅበር ውስጥ ደግሞ የእሷ ስም ለመልካም ነገር ተጠርቶ አያውቅም። አንድ ቀን «ጎሽ» እንዲላት ፈለገች። ሰው መቼም ምስጋና ይወዳል።

ባክሺ ሄደ። ክንድ የሚያህለውን ሌንሱን ሾፌሩ ተሸክሞለት ሄደ። ቅጠሉ ብርሃን ቢከለክለው ከኪሱ የጽጌረዳ መቁረጫ መቀስ አወጣና የጎጆውን ዙሪያ ከረከመው። ከዚያ አባትየው ጭራውን አንጠልጥሎ ልጆቹን ሲያጎርስ አነሳው። ፎቶው ያምር ነበር፤ እውነቱን መካድ አይቻልም። በማግስቱ ኬተኪ ስትደርስ ጎጆው ባዶ ነው። መከለያ ያጣ ጎጆ ለቁራ የተዘረጋ ማዕድ ነው። ከዛፉ ሥር ቅጠሉ ጠውልጎ ወድቋል፣ የተቆረጠው ጫፍ ገና ነጭ ነው። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን በሳሪዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ማኅበሩ ስብሰባ ሄደች።

«ባክሺ ዳዳ፣ ቅጠሉን እርስዎ ነዎት የቆረጡት?» አለችው በሁሉ ፊት። ታላቅ ወንድም ብላ መጥራቷ ጉሮሮዋን እየፋቃት ነው፤ ግን ወጉ ነው።

«እኔ?» አለ ባክሺ ሳምቡሳውን እያኘከ። «እኔ ፎቶ እያነሳሁ ነበር።»

«ጫጩቶቹ አልቀዋል እኮ!»

«ቁራስ አይብላ? ለነገሩ በዚያች ካሜራሽ ቅጠሉን ከላባው መለየት ጀመርሽ? እንኳን ደስ ያለሽ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ሳምቡሳውን ሁልጊዜ የሚገዛው ባክሺ ነው። ፎቶውም «የእናት ፍቅር» ተብሎ የዓመቱን ሜዳሊያ ወሰደ። የሚያጎርሰው አባትየው መሆኑን እንኳ ልብ ያለ አልነበረም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ኬተኪ የዚያኑ ዕለት አዲስ ካሜራ ልትገዛ ቆረጠች። የበዓል ጉርሻዋን፣ የሌሊት ተረኛ ስትሆን የምታገኘውን፣ ለፍሪጅ የተባለውንም ሁሉ አንድ ላይ አደረገችው።

«ትሰማለህ?» አለችው ባሏን። ስሙን ጠርታው አታውቅም፤ የዚያ አገር ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። «ፍሪጁ ዘንድሮም ይቆየን።»

«ሴትዮ፣ አሮጌው ዓሣውን እየቀቀለው ነው እኮ!»

«እሰይ፣ ወጥ መሥራት ቀረልኛ።»

«ለወፍ ብለሽ?»

«ለአንድ ወፍ» አለችው።

ገንዘቡን ማጠራቀሙ አልከበዳትም። የከበዳት ምርጫው ነው። መጀመሪያ ያሰበችው እንደ ባክሺ ያለ ትልቅ ካሜራ ገዝታ ከእሱ የተሻለ ፎቶ ልታነሳ ነበር። ግን የእሱን የሚያህል ሌንስ በአዲስነቱ ለመግዛት ቤቷን መሸጥ አለባት። ያገለገለ አገኘች፤ ስልክ ደውላ ሄዳ ብታየው በመስተዋቱ ውስጥ ሻጋታው እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ሻጩ «ይኼ እኮ ፎቶውን ያለሰልሰዋል» አላት። «ፊትህን ያለስልስልህ» ብላው ወጣች። ሌላው መንገድ አዲስ ዘመናዊ ካሜራ ከአጭር ሌንስ ጋር መግዛት፣ ረጅሙን እግዜር ሲሰጥ መጨመር ነው። የማኅበሩ ሰዎች ሁሉ ይህን ይመክሯታል። ሦስተኛው ሌንሱ ከአካሉ የማይነቀል፣ ሩቁን አጠገብ የሚያደርስ፣ ነገር ግን ደብዘዝ ሲል የሚታወር፣ የሚበር ወፍ የማይዝ ርካሽ ካሜራ ነው። እሱን በማኅበሩ «መጫወቻው» ይሉታል።

ማታ ማታ የትኬት መስኮቷን ዘግታ አንድ ጣቢያ ወዲያ ወዳለው ቤቷ በባቡር ስትመለስ ይህንኑ ታወጣለች ታወርዳለች። በትልቁ ካሜራ ባክሺን መብለጥ ትችላለች? አትችልም። እሱ ሾፌር አለው፣ መኪና አለው፣ ቀኑ ሁሉ የእሱ ነው። ብትበልጠው እንኳ ፈራጁ እሱ ራሱ ነው። ደግሞስ ሁለተኛ መውጣት ይጎዳዋል? በጭራሽ። እሷ ደግሞ እንዲጎዳ ነው የምትፈልገው። አንድ ምሽት ባቡሩ ድልድይ ላይ ሲንገጫገጭ መልሱ መጣላት፤ ብቻዋን ስቃ አጠገቧ የተቀመጠችውን አትክልት ነጋዴ አስደነገጠቻት።

በማግስቱ ካልካታ ገብታ ከአሮጌው ሲኒማ ቤት ጀርባ ባለው የካሜራ ሰፈር ኢርሻድ የሚባል ሻጭ ፊት ቆመች። ኢርሻድ ፊት አይቶ ኪስ የሚያውቅ ሰው ነው።

«ዲዲ፣ እህቴ፣ ለወፍ ነው አይደል? ይሄኛውን ይውሰዱ። ወፏ ሳታስብ ይይዛታል።»

«የኔ ወፍ አይቸኩልም» አለች ኬተኪ። «አንድ ቦታ ረጅም ጊዜ ይቀመጣል።»

«ጉጉት ነው? በጨለማ ከሆነ እንግዲያው…»

«በጠራራ ፀሐይ ነው የሚወጣው።»

«ስንት ያህል ነው ቁመቱ?»

«ከአንተ ትንሽ አጠር ይላል። መነጽር ያደርጋል።»

ኢርሻድ አየት አደረጋትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባልዎ ናቸው?»

«ባሌ ምን ቁም ነገር አለው! ሌላ ነው። ኩሬ ማዶ ሆኜ በእጁ የያዘውን ማየት አለብኝ። ካሜራው ደግሞ ድምፅ እንዳይኖረው።»

ኢርሻድ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። መጫወቻውን ከመደርደሪያ አወረደላት። ከሱቁ ደጅ ቆማ መንገዱ ማዶ ሻይ የሚቀዳውን ሰውዬ በሌንሱ ሳበችው፤ ጥፍሩ ውስጥ ያለውን እድፍ አየች። ያንን ካሜራ እንደ ሕፃን አቅፋ ተመለሰች።

የተለማመደችው በባሏ ላይ ነው። ኒራፓድ ስኳር በሽታ አለበት፤ ጣፋጭ ከተወ ቆየ፤ እሱ እንደሚለው ማለት ነው። ኬተኪ ከጣቢያው መሸጋገሪያ ላይ ሆና፣ ከገበያው ጫፍ ጣፋጭ ቤት ውስጥ የስኳር ውሃው በአገጩ እየወረደ ሮሶጎላ የሚባለውን ጣፋጭ ሲውጥ አነሳችው። ማታ ስታሳየው አገጩን ጠረግ አደረገና «ጥሩ ካሜራ ነው» አለ።

በማኅበሩ ግን የልባቸው ደረሰ። ባክሺ መጫወቻውን አገላብጦ አየና «ለልጅ ልጅሽ ነው?» አላት። ሁሉም ሳቁ። ኬተኪም አብራ ሳቀች።

ዓመቱ ዞሮ ሙቀቱ ሲበረታ ዱድራጆቹ ተመለሱ። በአትክልት ቦታው ኩሬ ዳር፣ ከማዶ ካለው የውሃ ፓምፕ ቤት ትይዩ ባለ ዛፍ ላይ ጎጆ ሠሩ። ኬተኪ ስታገኘው ልቧ በደስታ ዘለለ። ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ለማንም ሳትናገር ጠበቀች። ከተፈለፈሉ በኋላ ወደ ባክሺ ሄደች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል፤ እሷ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ለአምላኳ ለካሊ አበባ ሰጥታ፣ እጇን አጋጥማ ጸልያ ነበር የሄደችው።

«ባክሺ ዳዳ፣ ያለፈውን ይርሱት። ሌላ ጎጆ አግኝቻለሁ። በኔ መጫወቻ አይሆንም፤ ለእርስዎ ነው የሚገባው።»

«አየሽ፣» አለ ባክሺ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ «ሰው እንዲህ ሲበስል ደስ ይላል።»

እሑድ ማለዳ ኬተኪ በፓምፕ ቤቱ ጣሪያ ላይ በሆዷ ተኝታ ነበር። ባክሺ መጣ። ማቆሚያውን ተከለ፣ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። መቀሱ ሲወጣ ፀሐይ አብለጨለጨው። ኬተኪ ዓይኗን ከካሜራው ጋር አጋጠመች። የጣቱን ቀለበት ታያለች፣ የመቀሱን ምላጭ ታያለች፣ አንድ አንድ እያለ የሚወድቀውን ቅጠል ታያለች። ቡናማዋ እናት በባርኔጣው ዙሪያ እየተሽከረከረች ትጮኻለች፤ ጩኸቷ ኩሬውን ተሻግሮ ይሰማል። መጫወቻው ግን ድምፅ የለውም። አነሳች፣ ደግማ አነሳች፣ ደግማ ደግማ አነሳች። እንዲህ ደስ ያላት ከስንት ዓመት ወዲህ እንደሆነ አታውቀውም።

ባክሺ የፈለገውን አንስቶ ሲሄድ እሷ እዚያው ጣሪያ ላይ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያጎላች አየች። ሁሉም ጥርት ብለዋል። ሰው እንዳያያት በጓሮ በኩል ወረደች። ቁራዎቹ ሲጠራሩ ሰምታለች። ዞራ አላየችም።

የማኅበሩ ዓመታዊ ውድድር በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሆነ። ፎቶዎቹ ያለ አንሺው ስም በግድግዳ ላይ ይታያሉ፤ ሦስት ዳኞች ከፊት ተቀምጠው፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ ከአንድ እስከ አሥር የተጻፈ ካርድ ያነሳሉ። ሁለቱ ከካልካታ የመጡ እንግዶች ናቸው፤ መካከለኛው ባክሺ። ጀልባ አለፈ፣ የሚያጨስ ሽማግሌ አለፈ፣ ጭጋግ አለፈ። ቀጥሎ አስተዋዋቂው «የእናት ፍቅር እንዴት እንደሚሠራ» ብሎ አነበበ።

ግድግዳው ላይ ባክሺ ቆሟል። መቀሱ ተከፍቶ፣ ግማሽ የተቆረጠ ቅጠል በአየር ላይ፣ ከእጁ በታች የጫጩቶች ክፍት አፍ፣ ፊቱ አጠገብ ክንፏን የዘረጋች እናት። የባክሺ ፊት ላይ ጭካኔ አልነበረም፤ እንደ ፀጉር አስተካካይ ጥንቅቅ ያለ ነበር፤ የባሰውም ይኸው ነው።

ሰዉ ግድግዳውን አየ፣ ባክሺን አየ። ከዚያ ከኋላ «ባክሺ ዳዳ፣ አቋቋምዎ ያምራል!» የሚል ድምፅ መጣ፤ አዳራሹ ፈረሰ። ሳምቡሳውን ሲበሉ የኖሩት ናቸው ከሁሉ በላይ የሳቁት። ከካልካታ የመጡት ዳኞች ተያዩና ዘጠኝና ዘጠኝ አነሱ። ባክሺ ካርዱን አልነካም።

ኬተኪ ተነሥታ ቆመች። «የኔ ነው» አለች። «በመጫወቻዬ።» ያንን ቃል ዓመት ሙሉ በአፏ ይዛ ኖራለች፤ ማር ማር አላት።

ባክሺ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ፊቱ አመድ መስሏል። ግን ዞሮ ሲያናግራት ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ከፓምፕ ቤቱ ላይ ነው ያነሳሽው?»

«አዎ።»

«ከመጀመሪያው ቅጠል ጀምሮ ነበርሽ?»

«ከመጀመሪያው።»

«አንዲት ጠጠር ኩሬው ውስጥ ብትወረውሪ እኮ ደንግጬ እሮጥ ነበር» አለ ባክሺ። «ቦታውንም የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ ስቆርጥ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር?»

ሳቁ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ፤ ኒራፓድም ከኋላ ወንበር ዞረ። ኬተኪ አፏን ከፈተች። በትኬት መስኮቷ ቃል አጥታ አታውቅም ነበር። አሁን የመጣላት ባክሺ ያኔ በስብሰባው ያለው ቃል ብቻ ነው።

«ፎቶ እያነሳሁ ነበር» አለች።

ባክሺ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከፊቱ ካሉት ካርዶች አንዱን መርጦ፣ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጎ ያዘው። አሥር ነበር።