የልጅቱ ጣራ

ባለፈው ሳምንት ከደባርቅ ወጥቶ ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አዲስ የተላጠ የባሕር ዛፍ ሽታ አስቆመኝ። የእንግዳ ማረፊያ እየሠሩ ነበር፤ ክብ፣ በጎጆ አምሳል። መካከሉ ላይ ችካል ተክለው፣ ገመድ አስረውበት፣ አንዱ ሠራተኛ ገመዱን ወጥሮ እየዞረ አፈሩን ይጭራል። ሌላው የብረት ሜትሩን ለቀቀው። ሜትሩ እያፏጨ ወደ ቀፎው ገባና ቀጭ አለ። ያ ድምፅ በዚህ ዕድሜዬም ያስደነግጠኛል። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

«ወራጁን ደግመህ ለካ እንጂ!» ብሎ ጮኸ አለቃቸው፣ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ። «የልጅቱ ጣራ እንዳታደርገው!»

ሳቁ። እኔ ወደ አጥሩ ተጠጋሁ።

«የልጅቱ ጣራ ምንድን ነው ልጄ?» አልሁት።

«አባባል ነው እማማ። ለክተውት አጥሮ የቀረ ነገር እንደዚያ ይባላል። ድሮ አንዲት ልጅ ያበላሸችው ቤት ነበር አሉ።»

ልጅቱ እኔ ነኝ። ለሱ አልነገርሁትም። ላንቺ ግን ልንገርሽ፤ የሚከፋቸው ሁለቱም፣ አባቴም መምህሬም፣ አፈር ለብሰዋል። ዝም ማለቴም ማንን እንደ ጠቀመ በጆሮዬ ሰማሁ።

አባቴን «ባለ ክንዱ» ይሉት ነበር። ክንድ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ነው፤ እንደ ሰውየው ይረዝማል፣ ያጥራል። የአባቴ ግን ልክ ግማሽ ሜትር ነበር። ዳባት ገበያ ገዢና ሻጭ በአቡጀዲ ሲጣሉ እሱ ይጠራል። ቀኝ እጁን ጨርቁ ላይ ዘርግቶ ሲለካ ማንም ትንፍሽ አይልም። በግራ ለክቶ አያውቅም፤ በግራ መለካት ከመስረቅ ነበር የሚቆጠረው። እኔም ሜትር ማለት ሁለት የአባቴ ክንድ ነው ብዬ ነው ያደግሁት።

ደባርቅ ስማር ከጎንደር የመጣ የንድፍ መምህር ነበረን። ሸሚዙ ጠመኔና የእርሳስ ቅርፊት ይሸት ነበር። ቀጤ ማዕዘን፣ ሬዲየስ፣ ዲያሜትር፣ ተዳፋት፤ እነዚህን ቃላት ከሱ አፍ ስሰማ፣ ሌላዋ ልጅ ዘፈን ስትሰማ የሚሰማት ይሰማኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ ክብ የንባብ ቤት በደቦ ሊያሠራ ሲነሣ ንድፉን ለኛ ለተማሪዎቹ ሰጠና የኔ ተመረጠ። ሬዲየሱ አራት ሜትር፤ ምሰሶው ከግድግዳው በላይ ሦስት ሜትር ይወጣል፤ ስለዚህ ከምሰሶው ጫፍ ወደ ግድግዳው የሚወርደው እያንዳንዱ ወራጅ አምስት ሜትር። ቀጤ ማዕዘን አይዋሽም። መምህሩ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየውና፣ «ይኼ ጣራ ይቁም እንጂ፣ ንድፍሽን ይዤ ጎንደር ቴክኒክ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ቦታ አስይዝልሻለሁ» አለኝ። በዚያ ሌሊት የተኛሁ አይመስለኝም።

አባቴ ወራጁን ሁሉ ከራሱ ባሕር ዛፍ ልስጥ አለ። «ልጄ ነድፋ እኔ ልቆርጥ!» እያለ መንደሩን አዳረሰ። አምስት ሜትር፣ አሥር ክንድ።

የመጀመሪያውን ዛፍ ሲጥል መጥረቢያው ሳተና የቀኝ እጁን የመሐል ጣት ጫፍ፣ አንዱን አንጓ፣ ወሰደበት። ቁስሉ እስኪጠግግ ሥራው ቆየ። ሲድን ያንኑ እጅ ግንዱ ላይ ዘርግቶ ሲለካ አየሁት።

«አባዬ፣ ጣትህ አጥሯል እኮ። ከመምህሩ ሜትር ላምጣልህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አገር የሚያምነውን ክንድ አንቺ ልታርሚ ነው? ክንዴ ክንዴ ነው። ሂጂ፣ ውኃሽን ቅጂ።»

ለመምህሩም ነገርሁት። ከጠመኔው ቀና ሳይል፣ «አባትሽ ያውቃሉ» አለኝ።

የደቦው ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ከተራራው የሚወርደው ብርድ ጥርስ ያንገጫግጫል። ወንዶቹ ሆ እያሉ ወራጁን ሽቅብ አወጡት። የታችኛው ጫፍ ግድግዳው ላይ ተቀመጠ። የላይኛው ምሰሶው ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። ከስንዝር በላይ። ሌላ አመጡ፤ እሱም ቀረ።

«ወራጁ ከምሰሶው ተኳርፏል!» አለ አንዱ ከግድግዳው ላይ ሆኖ። «ሽማግሌ ጥሩና አስታርቋቸው!»

ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

«እኔ የተባልሁትን ቆረጥሁ» አለ። «ሥዕሉ የልጅ ነው። ያሳሳተችን እሷ ናት።»

የያዝሁት የጠላ ማንቆርቆሪያ መቼ ከእጄ እንደ ወደቀ አላውቅም፤ እግሬ ሲርስ ነው የነቃሁት። «ሴት የነደፈችው ቤት መች ይገጥማል» ሲል የሰማሁት ሰው ማን እንደ ነበር ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። የገዛ አጎቴ ነበር።

መምህሩን አየሁት። እሱ ያውቃል፣ አሁን ይናገራል አልሁ። ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ አንዱን ወራጅ ለካ። ቁጥሩን አየ። የአባቴን ጋቢ አየ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ሜትሩን ለቀቀው፤ እያፏጨ ገባና ቀጭ አለ።

«ችግር የለም» አለ። «ምሰሶውን እናሳጥራለን።»

አሳጠሩት። ተዳፋቱ ስላነሰ ሣር ክዳኑ ክረምቱን ሙሉ አፈሰሰ፤ መጻሕፍቱ ሻገቱ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ «የልጅቱ ጣራ» አለው። ጎንደር የሄደ ንድፍም አልነበረም። መምህሩን ከቢሮው ደጃፍ ጠብቄ ለምን አልሁት። ዓይኔን ሳያይ፣ «ታዲያ አባትሽን በአገር ፊት ላዋርዳቸው?» አለኝ። እሱ አባቴን አከበረ፤ አባቴ ራሱን አከበረ። እኔን ፋሲካ ሲያልፍ ዳባት ዳሩኝ።

አባቴ ከዚያ ወዲህ በክንዱ ለክቶ አያውቅም። ልጠይቀው በመጣሁ ጊዜ የሚያስለካ ጎረቤት ብቅ ካለ፣ እጁን ከጋቢው ሳያወጣ፣ ወደ እኔም ሳያይ፣ «እሷ ትለካልሃለች» ይል ነበር። ያ ይቅርታ ነበር ይሉኛል ያዩት። ይቅርታ አፍ አለው። እኔ አልሰማሁም።

ሲሞት መግነዙን እንድለካ ጨርቁን አመጡልኝ።

«በማን ክንድ?» አልሁ።

«አሁን ደግሞ ማን አለ? በአንቺ ነዋ» አለችኝ አክስቴ።

ቤቱ የጧፍ ሽታ ነበረው። ጨርቁን ከመዘርጋቴ በፊት ጋቢውን ገለጥሁና ቀኝ እጁን አወጣሁ። ያን እጅ ከደቦው ቀን ወዲህ ገልጦ አሳይቶኝ አያውቅም። ክንዴን ከክንዱ ጎን፣ ክርን ለክርን፣ አስተኛሁት። እስከ ተቆረጠው ድረስ እኩል ነበርን። ከዚያ የኔ ጣት ብቻዋን ቀጠለች።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አለች አክስቴ።

«እየለካሁ ነው» አልኋት። እጁን ግን ቶሎ አልለቀቅሁትም።